በግል ስልኬ ለመሥራት ተስማምቻለሁ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለምወድህ ለእህቴ ልጅ፣ ለብሎን፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ? ጎንህን የሚወጋህ ነገር ተወህ ወይ? እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ባለህበት ክፉ አይንካህ፤ በሄድክበት ሁሉ ፊት የሚያበራልህ ሰው ይግጠምህ።

ብሎን ስልህ እንዳትቆጣ። ሬዲዮአችንን ፈታተህ ስትገጥም አንድ ብሎን ተርፎህ ኪስህ ከደበቅክበት ቀን ጀምሮ ስምህ ይኸው ነው፤ ሹመት ደግሞ የቤት ስም አይሽርም። ሹመት ካልኩ አይቀር፣ ባለፈው በስልክ ያወራኸኝን «ታመምኩ» ያልክ መስሎኝ ሦስት ቀን እህል ከአፌ አልገባም። በኋላ ነው ልጄ ፌንጣ «ተሾምኩ ነው ያለሽ» ያለችኝ። ስልክ ላይ ድምፅህ ጣሳ ውስጥ እንደገባ ዝንብ ነው የሚሰማኝ። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት እንነጋገር። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ የሰው ደብዳቤ ስተይብ ኖሬያለሁ፤ አሁን ደግሞ የራሴን ልጻፍ።

ፌንጣ ሥራ አገኘች! የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ሆና። ለውሃ አገልግሎቱ በኮንትራት የሚሠራ አንድ ድርጅት ነው የቀጠራት። ቤት ለቤት እየዞሩ ቁጥር መመዝገብ ነው፤ ያ አላስቀምጥ ያላት እግሯ በመጨረሻ ደመወዝ ሊበላ ነው። አባቷ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

አንድ ነገር ብቻ ልቤን ከነከነው። ድርጅቱ ስልክ አይሰጥም፤ በየራሳችሁ ስልክ ሥሩ ብሏቸዋል። ቆጣሪውን ፎቶ ማንሳት፣ ቁጥሩን መሙላት፣ መላክ። ለዚህ ብለው አሥራ አንድ ገጽ ወረቀት ሰጥተዋታል፤ ርዕሱ «በግል ስልኬ ለመሥራት ተስማምቻለሁ» ይላል። እስከ ኅዳር ማለቂያ ፈርማ ካላመጣች ቦታው ለሌላ ነው። አንተ የሠራተኛ ስልክ ኃላፊ ስለሆንክ ፎቶ ኮፒውን ከዚህ ጋር አድርጌልሃለሁ። እሷም «ብሎን ፈርሚ ካለኝ እፈርማለሁ፤ አይሆንም ካለ ይቅርብኝ» ብላለች።

ቶሎ ጻፍልን። እንቅልፍህንም ጠግበህ ተኛ።

አክስትህ


ኅዳር 3

ለተከበሩ እትዬ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ በጸሎትዎ ደህና ነኝ። ጎኔ ትቶኛል፤ ብርዱ ግን ገና እየተለማመደብኝ ነው። ለፌንጣ እንኳን ደስ አለሽ ይበሉልኝ። ከሠፈሩ በር ሁሉ ጋር ልትተዋወቅ ነው።

ሥራዬ ይኸውልዎ፦ ድርጅታችን ዕቃ ያከማቻል፣ ያመላልሳል። ወደ ዘጠኝ መቶ ሠራተኛ አለው። ሁሉም በየስልኩ ነው የሚሠራው። እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ የመኪና ማቆሚያ የሚያሳይ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ማን ስልኩ ላይ ምን እንደጫነ፣ የማን ስልክ ቁልፍ እንደሌለው አያለሁ። አዲስ ሲቀጠር አስገባለሁ፣ ሲወጣ አስወጣለሁ። ከተሾምኩ ወዲህ ስብሰባው መተንፈሻ አሳጥቶኛል።

ወረቀቱን በተመለከተ ሐሳብ አይግባዎት። እንዲህ ዓይነት ወረቀት እዚህም አለ፤ የኛን ካዘጋጁት ሰዎች አንዱ እኔው ነኝ። ሁሉም ቦታ አንድ ነው። ትፈርም።

አጭር ስለጻፍኩ ይቅርታ። በሚቀጥለው እክሳለሁ። ጉልበትዎን ስሜ፣

ልጅዎ


ታኅሣሥ 11

ይድረስ ለልጄ ለብሎን፤

እንደምን አለህልኝ? እኛ እንዳለን አለን። ያሰብከው ይሙላልህ፤ አለቆችህ ፊት ሞገስ ይስጥህ።

ደብዳቤህ በደረሰ ማግስት ፈረመች። ሥራውንም ወዳዋለች። በቀን እስከ ሰማንያ ቤት ታዳርሳለች። የውሻውን ጠባይ፣ የዘበኛውን ኩርፊያ፣ ቆጣሪው ላይ አበባ የተከለችውን ሴት ማታ ማታ ስትነግረኝ እኔም አብሬያት የዞርኩ ይመስለኛል። እንዳልሰማ እያወቀች ጮክ ብላ ነው የምታወራኝ፤ ጎረቤቶቻችንም ሳይወዱ ውሃ አገልግሎት ተቀጥረዋል።

ስልኩ ግን ሰላም አይሰጥም። ቅዳሜ ከሰዓት ለጆሮዬ ክሊኒክ አብራኝ መጣች። ሰኞ ጠዋት ተቆጣጣሪው ጠራትና «ቅዳሜ ክሊኒክ ምን ትሠሪ ነበር?» አላት።

«ዕረፍቴ ነበር» አለችው።

«አንቺ ዕረፍት ላይ ነሽ፤ ስልክሽ ግን ሥራ ላይ ነው።»

እንዲህ ነው ያላት፣ ቃል በቃል። ስትነግረኝ ሳቅን። በኋላ ግን ሳስበው አላሳቀኝም።

ሌላም አለ። አንድ ትልቅ የመኖሪያ ሕንፃ ደረሳት፤ አርባ ስምንት ቤት። ቆጣሪዎቹ ምድር ቤት ናቸው፤ ምድር ቤቱ ተቆልፎ ቁልፉ ያለው ሰው የለም። ተቆጣጣሪው ጋ ደወለች። «ባለፈው ወር ላይ እየጨመርሽ ገምተሽ ሙዪው» አላት። እንዴት ሳላይ ብትለው፣ «ዛሬ ማለቅ አለበት» አለ። ልጄ የመዝገብ ቤት ሴት ያሳደገቻት ናት፤ «እንግዲያው በጽሑፍ ይላኩልኝ» አለችው። ተበሳጭቶ ላከላት። እሷም ሞላች። መልእክቱ ስልኳ ውስጥ አለ። ቢቆይ ጥሩ ነው አይደል?

አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ደግሞ «አንቀጽ ዘጠኝ ላይ ስለማጥፋት የሚል ነገር አለ» ብላታለች። አንተ በደንብ አይተኸዋል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አይተኸዋል አይደል?

የስልኳ ባትሪ ከሰዓት አይደርስም፤ አሮጌም ቢሆን የማትጠቀምበት ካለህ በሰው እጅ ብትልክላት። ከሌለህም አትጨነቅ።

አክስትህ


ጥር 9

ለተከበሩ እትዬ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? የክሊኒኩ ሰዎች ምን አሉ? የጆሮ ማዳመጫ መሣሪያ ካዘዙልዎ ይጻፉልኝ።

ለፌንጣ ስልክ አግኝቻለሁ፤ የኔው የድሮ ነው ግን ባትሪው ወንድ ነው። በወሩ መጨረሻ ወደዚያ የሚመጣ ሰው አለ፤ በሱ እልካለሁ። መልእክቱ ይቆይ፤ አታጥፋው። ስለ አንቀጽ ዘጠኝ አይጨነቁ። ስልክ ሲሰረቅ ሌባው የድርጅቱን ምስጢር እንዳያይ ተብሎ የሚገባ ነገር ነው። የኛም ላይ አለ።

እዚህ የሆነ ነገር ላጫውትዎ። ዓርብ ዓርብ የሰው ኃይል ክፍል ሥራ የለቀቁ ሰዎችን ስም ዝርዝር ይልክልኛል። እኔም በየስማቸው አንድ አንድ ጊዜ እጫናለሁ፤ ስልኮቻቸው ባሉበት ቦታ ባዶ ይሆናሉ። አረንጓዴ ምልክት ይመጣና «ተጠናቋል» ይላል። ባለፈው ሳምንት አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ ሃያ ዓመት የሠራ ትልቅ ሰው፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ።

«ልጄ በድምፅ የላከችልኝ ነገር ነበር። ማታ ማታ የምሰማው» አለኝ። «የት ሄደ?»

«ፈርመዋል እኮ» አልኩትና ወረቀቱን አውጥቼ አሳየሁት። ፊርማውን የሌላ ሰው ፊርማ ይመስል አገላብጦ አየው። «አዎ፣ የኔ ነው» አለ። ከዚያ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ «ይቅርታ» ብሎኝ ሄደ።

የባርኔጣ አያያዙ አስቆኝ ነበር፤ ላስቅዎ ብዬ ነው የጀመርኩት። ስጽፈው ግን ሌላ ሆነብኝ። ይቅር፣ ሌላ ጊዜ ደህናውን አወራለሁ።

ልጅዎ


ጥር 17

ብሎን፤

ሰላምታውን ሌላ ቀን እጽፍልሃለሁ። ለታኅሣሡ ደብዳቤዬ መልስህ ገና አልደረሰኝም፤ መንገድ ላይ ይሆናል። እስኪደርስ ግን የምጠብቅበት አንጀት የለኝም።

የዚያ ሕንፃ ሰዎች የውሃ ሂሳብ ሲመጣባቸው እጥፍ ሆኖ አገኙት። አንዲት ልብስ ሰፊ ወረቀቱን ይዛ ድርጅቱ ድረስ ሄዳ «ምድር ቤታችን ሦስት ወር ተቆልፎ እንዴት አነበባችሁት?» ብላ ጮኸች። ሰኞ ዕለት ተቆጣጣሪው በጽሑፍ እንዲያስረዳ ተጠየቀ።

ማክሰኞ ጠዋት ፌንጣ አንድ ግቢ በር ላይ ቆማ ቁጥር ስትሞላ ስልኳ በእጇ ላይ ጨለመ። ባትሪው መስሏት ነበር። ተመልሶ ሲበራ «እንኳን ደህና መጡ፤ ቋንቋ ይምረጡ» አላት። ዛሬ ከሱቅ እንደወጣ ዕቃ። ምንም የለም። የሰው ስልክ ቁጥር እንኳ የለም። ከየትም ልትደውልልኝ አልቻለችም፤ በቃሏ የምታውቀው ቁጥር የለማ። በእግሯ ቤት መጣች። የመጣችበትን መንገድ ሳስበው ሁለት ሰዓት ያስኬዳል።

ሐሙስ ደብዳቤ ሰጧት። «በራሷ ፈቃድ በግምት በመሙላት ደንበኞችን በመበደሏ ተሰናብታለች» ይላል። «ታዝዤ ነው፣ መልእክት አለኝ» አለቻቸው። «አሳዪን» አሏት። ተቆጣጣሪው እዚያው ተቀምጧል አሉ፤ እስክሪብቶ ጫፍ እየነከሰ።

በዚህ ስም ሌላ ቦታ ማን ይቀጥራታል? ለሠራተኛ አቤቱታ ሰሚው ቦርድ አመልክታለች፤ ቀጠሮው መጋቢት 26 ነው። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። የጠፋው ይመለሳል ወይ?

ስለ ፎቶዎቹ አልጠይቅህም።

አክስትህ


የካቲት 7

ለተከበሩ እትዬ፤

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው። የኔ የጥር ደብዳቤ ደግሞ ወደ እርስዎ መንገድ ላይ ነው። እባክዎ እሱን ለፌንጣ አያሳዩዋት።

አይመለስም። አለ ብዬ ልዋሽዎት አልችልም። የተላከው ትእዛዝ ስልኩን ከሥር ነው የሚያጥበው። እዚያ ሠፈር «እንመልሳለን» የሚሉ የስልክ ጠጋኞች ይኖራሉ፤ ፌንጣ አትልፋ። መልእክቱ በላኪው በተቆጣጣሪው ስልክ ላይ ይኖር ይሆናል፤ እሱን ግን ማን ያስከፍተዋል? ካስከፈቱትስ እስካሁን ይጠብቃል?

አንድ የማውቀው ነገር አለ። ስልክ ከርቀት ባዶ ሲደረግ ያጠፋው ክፍል ዘንድ መዝገብ ይቀራል። ማን እንዳዘዘ፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ። ያንን ማንም አይሰርዘውም፤ አብዛኛው ኃላፊ መኖሩንም አያውቅም። ሰው ከተሰናበተ በኋላ ስልኩ ቢጠፋ የተለመደ ነው። የሷ ግን ማክሰኞ ጠፍቶ ሐሙስ ነው የተሰናበተችው። ሁለት ቀን ቀድሞ ማን አዘዘ? ቦርዱ መዝገቡን እንዲያስቀርብ ታመልክት።

ፌንጣ ጋ ሰባት ጊዜ ደወልኩ። አታነሳም። ሥራ ላይ ሆና ይሆናል ልል ስል ሥራ እንደሌላት ትዝ አለኝ።

የትኞቹ ፎቶዎች ናቸው፣ እትዬ?

ስልኩን ልኬያለሁ። ሌላ የምትፈልጉት ካለ ይጻፉልኝ፤ ምንም ይሁን።

ልጅዎ


የካቲት 29

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለን። አንተም በጤና ሁን።

የጥር ወሩ ደብዳቤህ ደርሶ ነበር። አላሳይሽም ብያት ነበር፤ የእኔ ቤት ግን ሁለት ክፍል ነው፣ ወዴት ትደብቀዋለህ። አነበበችው። ስለ ባለ ባርኔጣው ሰውዬ ሁለት ጊዜ አነበበችና አጥፋ መልሳ ፖስታው ውስጥ ከተተችው።

የላክኸው ስልክም ደርሷል። ካርቶኑ አልተከፈተም። መስኮቱ ላይ ተቀምጧል።

መዝገቡን ድርጅቱ «እንዲህ ያለ ነገር የለንም» ብሎ በጽሑፍ መልሷል። የቦርዱ ጸሐፊ ደግ ሴት ናት፤ ለብቻዬ ጠርታ «በሥራው ላይ ያለ ባለሙያ መዝገቡ የግድ እንደሚኖር አስረድቶ፣ በስሙና በኃላፊነቱ ፈርሞ ቢጽፍ ቦርዱ ያስገድዳቸዋል» አለችኝ። ሌላ ባለሙያ አናውቅም። የምናውቀው አንተን ነው። መጀመሪያ ምክር ለመንንህ፣ ቀጥሎ ስልክ ለመንንህ፣ አሁን ደግሞ ፊርማህን። የሚያስከፍልህ ነገር እንዳለ ይገባኛል። ቀጠሮው ስለቀረበ ይህን በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ።

ከዚህ ሌላ አንድ ጥያቄ አለ፤ የኔ አይደለም። ትናንት ፌንጣ ልብስ እየተኮሰች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «እማ፣ ጻፊለት» አለችኝ። ከአንድ ወር በላይ ቆይታ ስምህን ያነሳችው ያን ጊዜ ነው።

«ምን ልበለው?»

«ያን ወረቀት ፈርሚ ከማለቱ በፊት አንብቦት ነበር ወይ በዪው።»

«አንብቦታል እንጂ፣ እንዴት ሳያነብ...»

«አንቺን አይደለም የጠየቅኩት» አለችኝ። ካውያውን አስቀምጣ ወጣች።

ታኅሣሥ ላይ እኔም ጠይቄህ ነበር፤ አልመለስክልኝም። የካቲትም አልመለስክም። አንብቤዋለሁ ወይም አላነበብኩትም ብለህ ጻፍ። ሰበብ አትጨምርበት።

አክስትህ


መጋቢት 10

ለእትዬ፣ ለፌንጣም፤

አላነበብኩትም።

ሰበብ አትጨምር ብለውኛል፤ የሆነውን ግን ልናገር። ፖስታውን የከፈትኩት ሊፍት ስጠብቅ ነው። የእርስዎን ደብዳቤ ቆሜ አነበብኩ፤ ስለ ጆሮዎ ያለውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። አሥራ አንዱን ገጽ ጠረጴዛዬ ላይ አኖርኩት። ማታ አየዋለሁ አልኩ። የሹመቴ ሰሞን ነበር፤ ሁሉን የማውቅ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሌላ ወረቀት ተደረበበት። «ሁሉም ቦታ አንድ ነው» ብዬ ስጽፍልዎ ከሥሩ ነበር።

ያነበብኩት ስልኩ ጠፋ ካሉኝ በኋላ ነው። አንድ አልነበረም። ገጽ አሥር ግርጌ ላይ እንዲህ ይላል፦ ሠራተኛው በፈረመ በአምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከጠየቀ፣ የግል ክፍሉ እንዳይነካ ሆኖ የሥራው ክፍል ብቻ ይለያል። ካልጠየቀ ሙሉ ስልኩ በማናቸውም ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊጠፋ ይችላል። አንድ መስመር ነበር ልጽፍላት የሚገባኝ። ይህን እናንተ ስለማታውቁት፣ እኔ ብቻ ስለማውቀው እስካሁን ደበቅኳችሁ። ፌንጣ፣ ስደውል የማታነሺልኝ ሳትሰሚው ቀርተሽ አይደለም፤ ገብቶኛል።

ምስክርነቱ ከዚህ ጋር አለ። በስሜና በኃላፊነቴ ፈርሜዋለሁ። አለቃዬን ፈቃድ ጠይቄው ነበር። «የኛም መመሪያ እኮ ያው ነው። ነገ የኛ ሰዎች መዝገብ አምጡ ቢሉን አንተ ነህ ያስተማርካቸው» አለኝ። ጥሩ ሰው ነው፤ እውነቱንም ነው። አይሆንም ካለኝ በኋላ ነው የፈረምኩት።

ባለፈው ዓርብ ደግሞ ዝርዝሩ መጣ። ስድስት ሰው። አልተጫንኩትም። ስልካቸውን ፈልጌ ለየአንዳንዳቸው ደወልኩ። «እስከ ስድስት ሰዓት የራስዎን ነገር ያውጡ፤ ከዚያ በኋላ ባዶ ይሆናል» አልኳቸው። አምስቱ አመሰገኑኝ። አንደኛዋ መባረሯን ገና አልነገሯትም ነበር፤ ከኔ አፍ ነው የሰማችው።  ደግ የሠራሁ መስሎኝ ሰው ሰበርኩ።

ሰኞ ከቦታዬ አነሱኝ። አሁን ምድር ላይ ዕቃ መረከቢያ ነኝ፤ ካርቶን እቆጥራለሁ። ከዚህም መቆየቴን እንጃ። አይዘኑልኝ፤ ለኔ የሚታዘንበት ጊዜ አይደለም።

ደብዳቤው ከመጋቢት 26 በፊት እንዲደርስ በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ።

ልጅዎ


ሚያዝያ 22

ይድረስ ለልጄ ለብሎን፤

እንደምን አለህ? ካርቶኑ ወገብህን እንዳይሰብረው፤ ስታነሳ ከጉልበትህ እጠፍ። የወጣህበትን በሰላም ግባ፤ የሚከፋህን ያርቅልህ።

የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍልህ።

ምስክርነትህ በሰዓቱ ደረሰ። ቦርዱ ሦስት ሰው ነው። መካከል የተቀመጠው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጮክ ብሎ አነበበው፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር በደንብ ሰማሁ። የድርጅቱ ጠበቃ «ጻፊው ዘመዷ ነው» አለ። ሰብሳቢው «ዘመድ መሆኑ መዝገቡን አይፈጥረውም። ወይ ይኖራል ወይ አይኖርም፤ አምጡና እንይ» አለው። ሳምንት ቀጠሩ። አመጡት። እንዳልከው ነው። ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ፤ አዛዥ ተቆጣጣሪው፤ ምክንያት «ስልኩ ጠፍቷል»። ስልኩ በእጇ ላይ እያለ።

ሰብሳቢው ተቆጣጣሪውን «ጠፍቷል ያልከው ምን አይተህ ነው?» ሲለው «ተሳስቼ ነው» አለ። 

ውሳኔው ይኸው ነው። በገዛ ፈቃዷ አጥፍታለች የሚለው አልተረጋገጠም፤ ከማኅደሯ ይውጣ፤ የሥራ ልምድ ወረቀቷ ንጹሕ ሆኖ ይሰጣት። ስልኩን ስለማጥፋት ግን፣ ስለፈረመች ድርጅቱ መብት ነበረው፤ የሚካስ ነገር የለም። ወደ ሥራ መመለሱንም፣ ኮንትራቷ መጋቢት ላይ ስላለቀ ልናዝ አንችልም አሉ። ተቆጣጣሪውን ወደ ሌላ ሠፈር አዛወሩት ነው የሚባለው። የሕንፃው ሰዎች ሂሳብ እየታረመ ነው፤ ያቺ ልብስ ሰፊ ፌንጣን ለማየት ቤት ድረስ መጥታ ነበር። ስሟን ስትረግም ከርማ እንደነበር ሳትደብቅ ነገረቻትና ይቅርታ ጠየቀቻት። ፌንጣ ወንበር ሰጠቻት።

ከቦርዱ ስንወጣ ፌንጣ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። የታሰረ ጫማዋን ፈትታ እንደገና አሰረችው። «አሸነፍኩ ማለት ነው?» አለችኝ።  «ስምሽ ነጽቷል» አልኳት። «ስሜ» አለችና ተነሳች።

አሁን አንድ ዳቦ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ሆናለች። ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቦታ መቆም ነው። ማታ ስትመጣ ወሬ የለም፤ ጎረቤቶቼም ምን ነካት ይሉኛል።

ፎቶዎቹን ጠይቀኸኝ ነበር። የአባቷ ናቸው፤ የመጨረሻውን ወር ሆስፒታል ሆና ያነሳችው። እየተሻለው የመሰላት ቀን ነበር፤ ተነስቶ በኮሪደሩ ሲራመድ በተንቀሳቃሽ ምስል ቀርፃው ነበር። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት፤ ሁለተኛ አላሳይሽም እያለች፣ ታለቅሻለሽ እያለች። አሁን ላየው ብፈልግ የለም። ስለዚህ ነው ያልጻፍኩልህ፤ ከኔ ዘንድ ወቀሳ እንዳይሆንብህ። ግን ወቀሳም ነበረ፤ ልዋሽህ አልፈልግም። ብዙ ቀን አንጀቴ አሮብሃል።

አሁን የምነግርህን ለፌንጣም ነግሬያታለሁ። ያን ወረቀት ፎቶ ኮፒ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ የቆመው ጽሕፈት መሣሪያ መሸጫው ውስጥ ነው፤ ልጁ ላንሳልሽ ቢለኝ ታጣምመዋለህ ብዬ በገዛ እጄ አንድ በአንድ መስተዋቱ ላይ አስተኛሁት። ገጽ አሥርን ጠርዙን አስተካክዬ አስቀምጫለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው የሹመት፣ የስንብት፣ የቅጣት ደብዳቤ በእጄ ሲያልፍ ኖሯል። ታይፒስት ፊደሉን ነው የምታየው፤ ነገሩን አታይም። የስንቱን እንጀራ የቆረጠ ደብዳቤ ያለ ስህተት ተይቤ ሻይዬን ጠጥቻለሁ። እኔም አላነበብኩትም፣ ብሎን። አንተን አንብብ ብዬ ስልክልህ፣ ዓይኔ ደህና ነበር።

 ይህን ስነግራት ፌንጣ የመጋቢቱን ደብዳቤህን ከመሳቢያ አወጣችና መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆማ አነበበችው፤ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ ማጠፊያው ሳስቷል። ይቅር ብዬዋለሁ አላለችም። እኔም በዪ አላልኳት። የሆነ ጊዜ ትለው ይሆናል፣ ላትለውም ትችላለች።

አንድ ነገር ግን ልምከርህ። አትደውልላት። ጻፍላት፤ ለኔ ሳይሆን ለራሷ፣ በስሟ። ስለ ካርቶኑ ጻፍላት፣ መባረሯን ካንተ አፍ ስለሰማችው ሴት ጻፍላት። አጭር ይሆንብኛል ብለህ አትፍራ፤ ረዘመም አትበል። የመድኃኒት ካርቶን ሳይቀር፣ የአውቶብስ ትኬት ጀርባ ሳይቀር፣ ዛሬ እጇ የገባውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ፊደል ሳታነብ አትለቅም።

አክስትህ